የአባቴ ነጭ ሴሎችና የማኅበሩ ክኒን

አባቴ ደም ብዛት እንዳለባቸው በተነገራቸው ቀን ያዘኑት ለራሳቸው ሳይሆን ለዋግምታቸው ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ ብሎ ባለው የወገራ መንደራችን ራስ ምታት ሲጠናባቸው ዋግምት አዋቂ አስጠርተው፣ ማጅራታቸውን በምላጭ አስበጥተው፣ ቀንዱ እስኪሞላ ደም አስመጥጠው «በቃ፣ የበዛው ወጣ» ብለው ነበር። ጎንደር ያለው ሐኪም ክንዳቸውን ጠፍሮ ለክቶ «ደም ብዛት አለብዎት» ሲላቸው ያ ሁሉ ደም በከንቱ መፍሰሱ ቆጫቸው። «እንግዲያ ያን ጊዜ የወጣው የማን ነበር?» አሉት። ሐኪሙ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። የኩላሊት ምርመራው ውጤት ሲመጣ ግን ሳቃችን ቆመ።

ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰም። ኩላሊታቸው መድከም ጀምሯል፤ ግፊቱ በመጪዎቹ ወራት ካልወረደ አይዘልቅም አለኝ። እናቴን ከቀበርን ሦስት ዓመት አልሞላንም ነበር። አባቴን ደግሞ ለማጣት ዝግጁ አልነበርሁም፤ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

እኔ በዚያው ከተማ በአንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የሰው ደም እቆጥራለሁ። በእጄ የምጫናት ትንሽ መቁጠሪያ አለችኝ፤ አንድ ነጭ ሴል ባየሁ ቁጥር ቀጭ፣ መቶ እስኪሞላ ቀጭ ቀጭ። የሥራ ባልደረቦቼ «ስትቆጥር አታናግሯት» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ቁጥር የሚያጠፋብኝን ሰው ዓይኑን ማየት አልፈልግም። ሳልቆጥርም ቁጡ ነኝ። አባቴ ይህን ጠባይ ከእናቴ ወሰደችው ይላሉ፤ እናቴ በሕይወት ሳለች ደግሞ ከአባቴ ነው ትል ነበር።

በዚያ ሰሞን የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን እየሠራሁ ነበር። ርእሱም፣ የእግዜር ነገር ሆኖ፣ ደም ግፊትና ነጭ ሴሎች ነበር። ድሮ ደም ግፊት የልብ፣ የደም ሥርና የኩላሊት ጉዳይ ብቻ ይመስለን ነበር። ኋላ ኋላ ግን ከበሽታ የሚከላከሉልን ነጭ ሴሎችም እጃቸው እንዳለበት ታወቀ። በላቦራቶሪ አይጦች ላይ ታይቷል፤ ከነጭ ሴሎች አንዳንዱ ዓይነት የሌላቸው አይጦች ግፊታቸው እንደ ሌሎቹ በቀላሉ አይወጣም። ሴሎቹ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥና ኩላሊት ውስጥ ይሰፍራሉ፤ የሚረጩት ነገር ደም ሥሩን ያደነድነዋል፣ ኩላሊቱም ጨውና ውኃ አልለቅም ብሎ እንዲይዝ ያደርገዋል። ይህን ባነበብሁ ቁጥር አዲስ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ ይለኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የቆጠርኋቸው ፍጥረታት ለካ ይህን ሁሉ ይሠራሉ!

ለአባቴ ሐኪሙ ያዘዘላቸውን ክኒን እኔ ነበርሁ የምልክላቸው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። የሁለት የሁለት ወሩን በላስቲክ ጠቅልዬ ለሚኒባስ ሹፌር እሰጣለሁ፤ ሹፌሩ አምባ ጊዮርጊስ መናኸሪያ ያደርስላቸዋል። ከዚያ በየጊዜው ጎንደር ይመጣሉ፣ ይለካሉ። ግፊቱ ግን ወይ ፍንክች! ሐኪሙ መጠኑን ከፍ አደረገ፤ ፍንክች አላለም። ሌላ ዓይነት ክኒን ለወጠላቸው፤ ያው ነው።

እኔም ምክንያቱን ያገኘሁት መሰለኝ። አባቴ ነጭ ሴሎቻቸው ያመፁባቸው ሰው ናቸው! ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለችው ቤቴ አስቀምጬ ደማቸውን ቀዳሁ። «ቅጂ፣ በዝቷል ተብሎ የለ፤ አትሳሺ» እያሉ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። በማግስቱ ቆጠርሁ። ነጭ ሴሎቻቸው ከወትሮው ትንሽ ከፍ ብለው ነበር፤ ትንሽ ብቻ፣ ጉንፋን የያዘው ሰውም ሊኖረው የሚችለውን ያህል። ለእኔ ግን በቂ ነበር። የፈለገ ሰው ምን ያጣል!

ማታ እራት ቀርቦ ሳለ ለአባቴ ነገሩን አስረዳኋቸው። መጀመሪያ በመጽሐፍ ቋንቋ ሞከርሁ፤ ዓይናቸው ወደ ሹሮው ሄደ። ከዚያ ጭላዳን አነሣሁላቸው። በእኛ አገር ገብሱ ሲያሸት ጭላዳ ከገደሉ እየወጣ ይፈጀዋል፤ ስለዚህ ሰው ውሻ ያሳድጋል። «ውሻው ጭላዳውን ሲያባርር ሸጋ ነው» አልኋቸው። «ጭላዳው ገደል ገብቶም ውሻው አልረጋ ካለስ? እህሉን ይረግጣል፣ አጥሩን ያፈርሳል። የእርስዎ ደም ውስጥ ያሉት እንደዚያ ሆነዋል።»

አባቴ እንጀራውን አስቀምጠው አሰቡ።

«ምን ያህል ናቸው?»

«ብዙ ናቸው፤ አይቆጠሩም።»

«አንቺ ትቆጥሪያቸው የለም እንዴ?»

«ከፊሉን ነው የምቆጥር።»

«ምነው ታዲያ ዝም የማይሉ?»

«ጨው ይቀሰቅሳቸዋል» አልሁ፣ ይህን ዕድል ለወራት ስጠብቀው ኖሬ። አባቴ ለበሬዎቻቸው ጨው በመዳፋቸው ሲያልሱ የተረፈውን ራሳቸው ይልሱታል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው፤ አንዱን በሬ፣ ሌላውን በሬ፣ ከዚያ እሳቸው። ይህን ስነግራቸው እንደ ተሰረቀ ሰው አፈጠጡብኝ። ብዙ ተከራክረን የበሬውን ጨው ለበሬው ሊተዉ ተስማሙ። ከዚያ ቀን በኋላ ስልክ ስደውል «ውሾቼ ዛሬ ደኅና አድረዋል» ይሉኛል። እንዲህ የሚያስቁኝ አባት ናቸው።

የጥናት አማካሪዬ ደረቅ ሰው ናቸው፤ ዓረፍተ ነገር ሲያወጡ ከኪሳቸው የሚከፍሉ ይመስላል። ስለ አባቴ አራት ገጽ ጽፌ፣ «መድኃኒት የማይበግረው ግፊት» ብዬ ሰይሜ፣ ደረቴን ነፍቼ ቢሯቸው ገባሁ። አራቱንም ገጽ አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ክኒኑን ይወስዳሉ?»

«ይወስዳሉ እንጂ!»

«ቆጠርሽ?»

«ምኑን?»

«ክኒኑን። ሴሉንማ ቆጥረሻል።»

ደሜ ፈላ። ያባቴን ነገር ለእኔ ይነግሩኛል እንዴ? ሽንጤን ገትሬ ልከራከር አፌን ከፈትሁ፤ ግን እውነትም አልቆጠርሁም ነበር። ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ። በነጋታው ፈቃድ ጠይቄ፣ አዲስ የአንድ ወር ክኒንና የግፊት መለኪያዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ወደ ወገራ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ወለቃን እስክናልፍ ድረስ ከአማካሪዬ ጋር በሆዴ ስጨቃጨቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ደግሞ ከአባቴ ጋር ተጨቃጨቅሁ። ክኒኑ ሳይነካ ሳጥን ሥር ተቀምጦ አገኘዋለሁ ብዬ ነበርና የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ደረስሁ። ጉንጬን ስመውኝ ሳይጨርሱ «ክኒኑን ያምጡልኝ» አልሁ። ከአንድ ወር በፊት የላክሁት ነው፤ ለሁለት ወር የሚሆን፤ ገና እኩሌታው ሊኖር ይገባዋል። አባቴ ላስቲኩን ከግድግዳው መስቀያ አወረዱልኝ። ባዶ ነው።

«የት ሄደ?»

«አለቀ። ክኒን መቼም ያልቃል።»

ተትቶ ይሆናል ያልሁት ጭራሽ ተበልቶ አልቋል። በቀን አራት እየዋጡ ይሆን? አራት እየዋጡ እንዴት ግፊታቸው አይወርድም? ያን ጊዜ እንኳ፣ ይታያችሁ፣ ሐሳቤ ተመልሶ ወደ ነጭ ሴሎቹ ሄደ። ምን ዓይነት ሴሎች ቢሆኑ ነው ይህን ሁሉ መድኃኒት የሚችሉት እያልሁ ተደነቅሁ። አባቴ ነገሩን ወደ ሌላ ወሰዱት፤ ነገ የወሩ አሥራ ሁለት ነው፣ የጽዋ ማኅበሩ የሚጠጣው በእሳቸው ተራ ነው፣ ጠላው ደርሷል፣ ድፎው ተጋግሯል። ያመጣሁትን ስልሳ ክኒን ሰጠኋቸው። «እግዜር ይስጥልኝ፤ በጊዜ ደረስሽ» አሉኝ። በጊዜ ማለታቸው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ የማኅበሩ አባላት ከቅዳሴ መልስ ቤታችንን ሞሉት። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሁሉም ያባቴ እኩዮች፣ ሁሉም ከልጅነቴ ጀምሮ የገሠጹኝ ሰዎች። ቄሱ ጸሎቱን አደረሱ፣ ድፎው ተባረከ፣ ተቆረሰ፣ ታደለ። ጠላው ዞረ። ከዚያ አባቴ ተነሡና የእኔን ላስቲክ ከመስቀያው አወረዱ። ንጹሕ ሰሐን አስመጡ። ክኒኑን ካሸጊያው እያወጡ ሰሐኑ ላይ አፈሰሱት። ራሱ የሚከብደው ሁሉ ወደ ፊት ተጠጋ። ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ሰባት። አባቴ ስምንት ስምንት እየቆጠሩ አደሉ። አራት ክኒን ተረፈ። እነዚያን ድፎው በተቆረሰበት ቢላዋ ከሁለት ከሁለት ከፈሏቸው፣ ለሰባቱም ግማሽ ግማሽ ደረሳቸው። የቀረችው አንዲት ግማሽ የቄሱ ድርሻ ሆነች፤ ቄሱ ደም ብዛት ይኑርባቸው አይኑርባቸው የጠየቀ የለም።

የሁሉም ድርሻ እኩል ነበር። የአባቴም ስምንት ተኩል። የአራት ቀን መድኃኒት።

እንደ እኔ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ ቢናገር የሚበጀው ወጥቶ ነፋስ ተቀብሎ ነው። እኔ ግን እዚያው ፈነዳሁ።

«አባዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምነው? ድርሻቸውን እየሰጠሁ ነዋ።»

«የእርስዎ መድኃኒት እኮ ነው!»

«ደም ብዛቱስ የእኔ ብቻ ነው እንዴ?»

«ኩላሊትዎ እየሞተ ነው! እኔ እዚያ በደምዎ ላይ ዓይኔ እስኪጠፋ እቆጥራለሁ፣ እርስዎ እዚህ እንደ ቆሎ ይበትኑታል! ነገ ሲሞቱ እነዚህ ሰዎች ናቸው የሚቀብሩዎት?»

ማኅበር ላይ አይጮኽም። እንኳን ልጅ፣ አባልም ድምፁን ቢያነሣ ይቀጣል። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ከጥግ የተቀመጡት፣ ያባቴ የዘመን ወዳጅና ጎረቤት፣ ሲያርሱ በሬ የሚያቀናጁት፣ ከልጅነቴ አያ የምላቸው ሰው፣ ቀስ ብለው ቀና አሉና «አዎ ልጄ፣ እኛ ነን» አሉኝ።

ስድብ አልነበረም፤ መልስ ነበር። 

ከዚያ እኒሁ አያ መዳፋቸው ላይ የነበሩትን ክኒኖች መልሰው ሰሐኑ ላይ አኖሩ፤ ስምንቱን፣ ግማሿንም። ሌላውም መለሰ። ሌላውም። ቄሱ ሳይቀሩ ግማሻቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡ። ማንም አልተቆጣኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አባቴ ቆመው ሰሐኑን አዩት።

«ብቻዬን ልዳን?» አሉኝ፣ አያን በአገጫቸው እያመለከቱ። «እሱ ወድቆ እኔ ገበሬ ልሆን?»

 

ነገሩን ያወቅሁት ኋላ ተረጋግተን ስንነጋገር ነው። አያ ከአባቴ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደው ደም ብዛት አለብዎት ተብለው ነበር። ያን ቀን መድኃኒቱ የለም ተባሉ። ሲመለሱ መንገድ ተዘጋ፤ መንገዱ ሲከፈት እርሻ ደረሰ። ከዚያ የእኔ ላስቲክ ከጎንደር መጣች፣ አባቴም ላስቲኳን ይዘው አጥሩን ተሻግረው ሄዱ። መጀመሪያ ለሁለት ነበር። የሁለት ሰው ነገር ደግሞ በእኛ አገር ወር ሳይሞላው የማኅበር ይሆናል። በየቤቱ ያለው ሰው ራሱ በከበደው ቀን አንድ ይውጣል፣ ቀለል ሲለው ያስቀምጣል። ስለዚህ ነበር የአባቴ ግፊት የማይበገረው። አራት ገጽ ጽፌበት የነበረው ነገር።

መለኪያዬን አወጣሁ። ይቅርታ መጠየቂያ ሌላ መንገድ አላወቅሁም ነበር። አንድ በአንድ ክንዳቸውን ጠቅልዬ ለካኋቸው፤ አንዳንዱ የለበሰው ጋቢና ካፖርት ብዛቱ ክንዱን ማግኘት ራሱ ሥራ ነበር። ራሳቸው ከሚከብዳቸው ስድስቱ አምስቱ ላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ስድስተኛው ጤነኛ ነበር፤ ክኒኑን የሚወስደው ሰው እንዳይከፋው ብሎ ነው። ከሁሉም የከፋው የአያ ነበር፤ ቁጥሩን አይቼ ሁለተኛ ለካሁ፣ ሦስተኛም ለካሁ። ስለ ነጭ ሴልም ትንሽ ነገርኋቸው፣ ስለ ውሾቹ። አባቴ ቀድመው ነግረዋቸው ኖሯል፤ «የእኔዎቹ ውሾች ከእሱ ይብሳሉ?» እያሉ መፎካከር ያዙ። አንዱማ ውሾቹን በነጭ ሽንኩርት እንዳሰራቸው በቅዱሱ ማለ።

ማኅበሩ ፈረደ። እስከሚመጣው አሥራ ሁለት ድረስ አምስቱም ጤና ጣቢያ ሄደው በየስማቸው መድኃኒት ያውጡ፤ ያላወጣ አንድ ጋን ጠላ ይቀጣል። መድኃኒቱ እዚያ ከታጣ እኔ ከጎንደር አፈላልጌ እልካለሁ። አባቴም እስከዚያው ክኒኑን ብቻቸውን ይዋጡ ተባለ። ይህን የመጨረሻውን ፍርድ አባቴ በአፋቸው «ይሁን» አሉ። በልባቸው ምን እንዳሉ እሳቸው ያውቃሉ፤ አያ ያን ወር ጤና ጣቢያው እስኪሰጣቸው በምን እንደቆዩ አልጠየቅሁም።

ወደ ጎንደር ተመልሼ አማካሪዬ ዘንድ ገባሁ። «ቆጠርሁ» አልኋቸው። አባቴን ከጥናቴ አወጣኋቸው፤ አራቱን ገጽ ቀደድኋቸው። ነጭ ሴሎቹ በግፊት ውስጥ እጃቸው አለበት፤ አሁንም አምናለሁ፣ ጥናቴንም በዚሁ ጨረስሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ማንም በሽተኛ ደሙን ሳልቀዳ በፊት ክኒኑን ከማን ጋር እንደሚበላ እጠይቀዋለሁ። አዲሶቹ ልጆች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ቁጥር ለሚወድ ሰው ልንገረው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የአባቴ ግፊት ወረደ፤ ኩላሊታቸውም ካለበት አልባሰም። እኔ ግን ስለዚያ ጊዜ ሳስብ ትዝ የሚለኝ ቁጥሩ አይደለም። ከዚያ ማኅበር ቀጥሎ የመጣው ወር አሥራ ሁለት ነው፣ ማኅበሩ በአያ ቤት የተጠጣ፣ እኔም ከጎንደር የመጣሁበት ቀን።

አምስቱም ስማቸው የተጻፈበትን ከረጢት ይዘው መጥተው ነበር። እንደ መታወቂያ ከፍ አድርገው ያሳዩኛል። ድፎው ከታደለ በኋላ ቄሱ «በሉ፣ ሁላችሁም የየራሳችሁን» አሉ፤ ውኃ ዞረ። አባቴ አንድ ክኒን አወጡ። ያየሁትን በዓይኔ ነው ያየሁት፤ ክኒኑን በጥርሳቸው ከሁለት ሰበሩና፣ ሳያስቡት፣ ግማሹን አጠገባቸው ለተቀመጡት ለአያ ዘረጉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አያ የራሳቸውን ክኒን በሁለት ጣታቸው ይዘው ዓይናቸው ሥር አወዛወዙላቸው። «አለኝ እኮ፣ ወንድሜ። አንተ ብላው።»

አባቴም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን እጃቸው እንደተዘረጋ ነበር። መዳፋቸው ላይ ያለችውን ግማሽ አዩዋት። ዙሪያቸውን አዩ፤ የሚቀበላቸው ሰው የለም፣ የታመመው ሁሉ የራሱ አለው። በዚያች ቅጽበት ፊታቸው ላይ ያየሁት እፍረት ነበር፤ ሰው እያየ ብቻውን እንዲበላ የተፈረደበት ሰው እፍረት። አባቴ ብቻቸውን ሲቀምሱ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሁለቱን ግማሾች አንድ ላይ አደረጉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ዋጡት።